አግድሙ ገጽ

ሚሊሜትር ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የጥርስ ብሩሿን በእጇ ይዛ የመታጠቢያ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ነው የእህቷ ባል ከውስጥ ሆኖ ሲዋሽ የሰማችው። የሚዋሸው ለሰው አልነበረም፤ ለመስታወቱ ነበር። «ክቡራንና ክቡራት እንግዶቻችን» ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይዘጋል፣ እንደገና «ክቡራንና ክቡራት» ይላል። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ደልደል አለለትና «ይህን ዛሬ በታብሌት የምታዩትን መጽሔት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የነደፍኩት እኔው ራሴ ነኝ» አለ። መስታወቱ ስላልተቃወመው ነው መሰለኝ ያንኑ ደገመው፤ በዚህኛው ላይ «ሌሊት ከቀን ሳልል» የምትል ጨመረበት። ሚሊሜትር ጆሮዋን ማመን አቅቷት ብሩሿን ወደ ታች ዘቅዝቃ ቀረች። የቀባችው የጥርስ ሳሙና ተንሸራቶ ነጠላ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ።

ሚሊሜትር እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የመጽሔቱ ባልደረቦች ናቸው እንዲህ የሚጠሯት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገጽ ስታሰናዳ «ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ፣ አንድ ሚሊሜትር ወደ ላይ» እያለች ኖራለችና። የመጽሔቱ ባለቤትና አሳታሚ የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሦስቱም የሚኖሩት አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ቢሮ ሲገቡ አለቃዋ ነው፣ ቤት ሲገቡ ዋርሳዋ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱን ከያዘ ግን ከሁለቱም የበለጠ ሥልጣን አለው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወስድበት ፀጉሩ ነው። ከግራ ጆሮው በላይ የተረፈችውን አርዝሞ አሳድጓታል፤ እሷን በአናቱ ላይ አሻግሮ ቀኝ ጆሮው ድረስ ያደርሳታል። ነፋስ ያለ ቀን በእጁ ይዟት ነው የሚሄደው።

በሩ ሲከፈት ሽቶው ቀድሞት ወጣ። «እንደምን አደርሽ እትዬ» አላት። «ዛሬ እንግዲህ የእኛ ቀን ነው።»

«የእኛ?»

«የሁላችንም እንጂ» አለና ደረጃውን እያፏጨ ወረደ።

ታች ምግብ ክፍሉ ውስጥ እህቷ የባሏን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያና በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ፊቱን ወደ ሌላ ወንበር አዙሮ ነው የተቀመጠው፤ ገጽ ሠሪ ግን ጽሑፍ ተገልብጦም በጎንም ያነባል፣ ሥራው አስተምሮታል። ሚሊሜትር እንቁላሏን እየላጠች አነበበችው። «የነደፍኩት እኔው ራሴ ነኝ» የምትለው እዚያ አለች። ከእሷ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ይህ ቴክኖሎጂ ገጹን በራሱ ስለሚያሰናዳ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የገጽ ዲዛይነር የሚባል የሥራ መደብ አይኖረንም» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመቷ በአንድ መስመር ተኩል አለቀ። ይህ ብቻውን ቢሆን ደሟ ፈልቶ ዝም ባላለች ነበር፤ ሆዷን ያባባት የእጅ ጽሑፉ ነው። ድቡልቡል፣ ከመስመር የማይወጣ፣ የእህቷ የእጅ ጽሑፍ። በዚያ ቤት ባል ይናገራል፣ ሚስት ትጽፋለች። ይህን የጻፈች ሴት ደግሞ ትናንት ራት ላይ ከጎኗ ተቀምጣ ስለ ጎረቤት መጋረጃ ስታወራት ነው ያመሸችው።

«እንቁላል ደግሞ ዋጋው ጨመረ» አለች እህቷ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሳ።

«እህ።»

«ባለሱቁ ዋጋውን ሲጠራ አያፍርም፤ ታብሌት የሚሸጥ ነው የሚመስለው።»

«ታብሌቱስ ስንት ገባ?»

«የአራት ወር ደመወዝሽን ነው አለ እሱ» አለች እህቷ። ደመወዝ የሚለው ቃል ከአፏ ከወጣ በኋላ ደንገጥ አለችና ያንኑ አንገትጌ ሦስተኛ ጊዜ ተኮሰችው። ካውያው ጢስስ አለ። ሚሊሜትር አንድ ነገር ትለኛለች ብላ ሻይዋ እስኪበርድ ጠበቀች። እህቷ ግን ወረቀቱን በቀስታ አነሳችና አጥፋ ከተተኮሰው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ አስገባችው፤ «እትዬ፣ ጨው አነሰው እንዴ?» ብቻ አለቻት።

ቢሮው ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ ቀኑን ሙሉ በወለሉ በኩል ይመጣል፣ ጸሐፊዎቹም መጥፎ ጽሑፍ ሲጽፉ ጥርሳቸው የሚያማቸው በዚህ የተነሳ ነው ይላሉ። የሚሊሜትር ክፍል ጥግ ላይ ነው። ከሥሩ መብራት የሚበራው የድሮው የመስታወት ጠረጴዛ አሁን የወረቀት ካርቶን ማስቀመጫ ሆኗል፤ በላዩ ላይ ጫፉ የተበላ የብረት ማስመሪያና ያረጀ መቁረጫ ተቀምጠዋል። እነዚህን ዕቃዎች ለመጣል ሁለት ጊዜ ሰው መጥቶ ነበር፤ ሁለቴም በዓይኗ መልሳዋለች።

ይህ ታብሌት የሚሉት ዕቃ አንድ አመል አለው። ሲያቆሙት ገጹ ይቆማል፤ ሲያጋድሙት ገጹም ይጋደማል፣ ፎቶውና ጽሑፉ ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት፤ አንዴ ለቋሚው፣ አንዴ ለአግድሙ። በራሱ የሚሰናዳ ምንም ነገር የለም። በራሱ የሚሰናዳ የሚመስለው ሚሊሜትር ቁጭ ብላ ሁለቴ ስለሠራችው ነው። አርባ ሁለት የነበረው ገጽ ሰማንያ አራት ሆነባት፣ ሦስት ወር ወገቧ ተቆርጦ ሠራችው። አሳታሚው በበኩሉ ታብሌቱን ከቆዳ ማቀፊያው አውጥቶት አያውቅም። ማቀፊያው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ እሱም እንደቆመ ያየዋል። ቋሚውን ገጽ በገጽ እያየ «ይሄን አወፍሪው፣ ይሄን ቀይ አድርጊው» ሲላት ከረመ። አግድሙን ስታመጣለት ግን «ያው ነው እኮ፣ ምን ይለያል?» ብሎ በእጁ ገፋው። እስከዚያች ዕለት አንድም የአግድም ገጽ አላየም። ሚሊሜትር ይህን ያስታወሰችው ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ነው፤ ሐሳቡ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም፣ ፈገግታዋን አስከትሎ መጣ።

ሦስተኛው ገጽ የአሳታሚው መልእክት ነው። ከላይ ፎቶው አለ፣ ከሥር ምክሩ፣ ከግርጌ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ በግራ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ «ከመጠቀምዎ በፊት» ከሚል ጽሑፍ በላይ ተክዞ ይታያል፣ በቀኝ ያው ሰውዬ ፀጉሩ ጫካ ሆኖ «ከተጠቀሙ በኋላ» ከሚለው በላይ ይስቃል። የቅባቱ ነጋዴ የመጽሔቱ ትልቁ አስተዋዋቂ ስለሆነ ቦታውን የመረጠለት አሳታሚው ራሱ ነው። አሁን መታወቅ ያለበት አንድ ምስጢር አለ። በመጽሔቱ ላይ የሚወጣው የአሳታሚው ፀጉር የእሱ አይደለም፣ የሚሊሜትር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየዕትሙ በኮምፒውተር አንድ በአንድ ስትተክልለት ኖራለች። እንድትተክልለት ጠይቋት አያውቅም፣ አመስግኗትም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያየዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ያልፋል። ያን ዕለት ጠዋት ሚሊሜትር ቋሚውን ገጽ አልነካችም። አግድሙን ከፈተች። ያልተነካካውን፣ ካሜራው እንዳየው ያለውን የአሳታሚውን ፎቶ ከማህደር አወጣች። ከማስታወቂያው ላይ ራሰ በራውን ሰውዬ በክብር አነሳችው፤ በእሱ ቦታ፣ በእሱ ፍሬም፣ በእሱ ልክ አሳታሚውን አስገባችው። «ከመጠቀምዎ በፊት» የሚለው ጽሑፍ ከአገጩ በታች በደንብ እንዲያርፍ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ ገፋችው። ከሦስት ወር ወዲህ ያን ያህል ደስ እያላት የሠራችው ገጽ አልነበረም።

ገጾቹን በመጨረሻ የሚያየው አራሚው ነው። ጡረታ የሚወጣበት ቀን አልፎ የተረሳ፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ከጀርባዋ መጥቶ ቆመ። ስክሪኑን አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና አየ። የታችኛው ቤት መሰርሰሪያ ጀመረ፣ አቆመ።

«ከ‹በኋላ› ቀጥሎ አራት ነጥብ አይደረግም» አላት በመጨረሻ። «ርዕስ ነገር ነው። አውጪው።»

«ሌላስ ጋሼ?»

«ሌላ ስህተት አልታየኝም» ብሎ ሄደ።

ረፋዱ ላይ መጽሔቱ ወደ ደንበኞች ታብሌት ተላከ። ከምሳ በፊት ግን የሚሊሜትር ንዴት በርዶ ነበር፣ ንዴት ሲበርድ ደግሞ ፍርሃት ቦታውን ይይዛል። ለማን ነው የሠራሁት? አለች ለራሷ። ማን ያያል? ጥቂት ሰው አጋድሞ ያያል፣ ይስቃል፣ ነገሩ ያልፋል፤ እሱ እስከዘላለሙ አያየውም። በዚህ ራሷን አጽናንታ ሳትጨርስ አራሚው በበሩ በኩል አንገቱን አስገብቶ፣ ለከሰዓት በኋላው የምረቃ ዝግጅት አዳራሹ ውስጥ መጽሔቱን በግድግዳ ሙሉ አግዝፈው ሊያሳዩት እንደሆነ ነገራት። ሚሊሜትር ክው አለች። ግድግዳ አግድም ነው። የቆመ ግድግዳ ያለው አዳራሽ እስካሁን አልተሠራም። ጉዱ ሲፈላ ከሥራ መባረሩ ቀርቶ ከቤትም መባረር እንዳለ ታያት፤ ላይኛዋ ክፍል፣ አልጋዋ፣ መስኮቷ ሁሉ በዓይኗ ላይ ዞሩ። ምሳዋን ሳትበላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አዳራሹ ሮጠች።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፣ በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የምስሉን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሆዱ ከቀበቶው በላይ የወጣ፣ ሳንድዊቹን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሽቦ የሚፈታ ባለሙያ ነው። የቢሮው ታብሌት ከፊቱ ተቀምጧል። «ቋሚውን ብቻ ነው የምናሳየው» አለችው ሚሊሜትር፣ የአለቃ ድምፅ ለመያዝ እየሞከረች። «እንዳይዞር ልቆልፈው።» ገጹን የሚቆልፈውን ምልክት ነካችው። ባለሙያው ታብሌቱን ወዲህና ወዲያ አዘነበለው፤ ገጹ ፍንክች አላለም። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከደረቷ ላይ ተነሳላት። እውነቱን ለመናገር ግን ቅር ያላትም ነገር ነበር፤ ያን የመሰለ ገጽ ሠርቶ ማንም ሳያየው መቅረቱ ያንገበግባል። ገጾቹን በተራ እንድታሳልፍለት ባለሙያው ከጎኑ ወንበር ሰጣት፣ ከአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ተቀመጠች።

እንግዶች ገቡ። እህቷ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ከእሷ ቀጥሎ የቅባቱ ነጋዴ፤ ራሱ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ራሰ በራ ሰው ነው፣ ይህን ግን እስካሁን ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም። አሳታሚው በተተኮሰው ሸሚዙ ወጣ። «ክቡራንና ክቡራት» ሲል ድምፁ ከመታጠቢያ ቤቱ ይልቅ ያምራል። ገጾቹ ግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ወጡ። እሱም ወረቀቱን ሳያይ፣ አፉን ሞልቶ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የነደፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ሌሊት ከቀን ሳልል» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሞቅ ሲለው ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጨመረ። «ገጽ ሠሪ የሚባል ሙያ እኮ ከእንግዲህ የሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ነው። ከማስመሪያውና ከመቁረጫው ጋር በመስታወት ውስጥ እናስቀምጠዋለን» አለና ሳቀ። የተወሰነ ሰው አብሮት ሳቀ። ሚሊሜትር ከኋላ ሆና ሥራዬን ውሰድ፣ ስሜን ውሰድ፣ ግን በምን አንጀትህ ታስቅብኛለህ? ማለት ፈለገች፤ የምትለው ሰው ከሠላሳ ረድፍ ወዲያ ነው።

በዚህ መሃል ከኋላ የተቀመጡት ማጉረምረም ጀመሩ። የቆመው ገጽ በሰፊው ግድግዳ መሃል እንደ ቀጭን መቀነት ተንጠልጥሏል፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። «አይታየንም» አለ አንዱ። «ፊደሉ ጉንዳን አከለ» አለች ሌላዋ። አሳታሚው የራሱ መልእክት ያለበት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር የደረሰው፣ ይህ ገጽ አይታይም ሲባል ደግሞ የሚወድ ሰው አይደለም። «ሰፋ አድርጉት እንጂ! ግድግዳውን ሙሉ አሳዩን» ብሎ ከመድረኩ አዘዘ።

ባለሙያው ወደ ሚሊሜትር ዘንበል አለ። «ሰፋ የሚለው ካጋደምኩት ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ቆልፈሽዋል። ልፍታው?»

ከፊተኛው ረድፍ እህቷ ዞር ብላ አየቻት። ያን ዕለት ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እህቷ ምንም ምልክት አላሳየችም፤ አየቻትና ቀስ ብላ ወደ ፊት ዞረች።

«ፍታው» አለች ሚሊሜትር።

ገጹ ተጋደመ፣ ግድግዳውንም ሞላው። ከአንድ ፎቅ ቤት የማይተናነስ የአሳታሚው ፊት፣ ፎቶ በተነሳበት ቀን ነፋስ ስለነበር ያቺ ፀጉር ከአናቱ ተነስታ አየር ላይ እንደቀረች፣ ክንድ በሚያካክሉ ፊደላት «ከመጠቀምዎ በፊት» ከሚል ጽሑፍ በላይ ተክዞ ይታያል። ከጎኑ ጫካ ፀጉር ያለው ሰውዬ ይስቃል። አንድ ሰው ውሃ ትን አለው። ከዚያ በኋላ ሳቁ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፣ ወንበር ከወንበር እየያዘ መጣ፣ ጨዋ የሚባሉት እንግዶች እንኳ ፊታቸውን በመጥሪያ ካርዳቸው ሸፈኑ። አሳታሚው ሕዝቡ በምን እንደሚስቅ ስላልገባው መጀመሪያ አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። እጁ ሳያዝዘው ወደ አናቱ ሄደ።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም!» ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ። «እኔ አላየሁትም! እሷ ናት፣ ያቺ ከኋላ ያለችው! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ አንዲት መስመር አልነካሁም!»

ድምፅ ማጉያው ይህን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ለአዳራሹ አደረሰ። ሦስት መቶ ጭንቅላት በአንዴ ወደ ኋላ ዞረ። ሚሊሜትር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ያም ሆኖ እግሯ ሳታዘው ተነስታ ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን ቃል በስድብ መልክ መስማቷ አንጀቷን ቅቤ አጠጣው። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ፈራች፣ ዓይኗ የሄደውም ወደ ቅባቱ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው መሐረቡን አውጥቶ እንባውን እየጠረገ ተነሳ። ማስታወቂያውን ሊሰርዝ ነው ብሎ ያልጠበቀ ሰው አልነበረም።

«እኔ» አለ ሳቁ እየቆራረጠው፣ «ይቺን ማስታወቂያ ሳወጣ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ሰው ቆም ብሎ ያያት ዛሬ ነው። ያንን ተክዞ የሚኖር ሰውዬ እኔም ሰልችቶኛል። ሴትየዋ ማን ናት? የእኔን ማስታወቂያ ከእንግዲህ ከእሷ ሌላ ማንም እንዳይነካብኝ።» ወደ መድረኩ ዞረና እጁን ዘረጋ። «አንተም ወንድሜ፣ በራስህ እንዲቀለድ የፈቀድክ ትልቅ ሰው ነህ።»

«አዎ፣ የእኔ ሐሳብ ነው» የሚለው የአሳታሚው ምላስ ጫፍ ላይ እንደደረሰ ከኋላ ረድፍ ድረስ ይታይ ነበር። ግን አሁን በገዛ አፉ፣ በድምፅ ማጉያ፣ አንዲት መስመር እንዳልነካ ምሏል። ጭብጨባው በአናቱ ላይ አልፎ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ።

ወደ ቤት የተመለሱት በአንድ መኪና ነው። እሱ ይነዳል፣ እህቷ ከጎኑ፣ ሚሊሜትር ከኋላ ቦርሳዋን ታቅፋ። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ በየመብራቱ ይቆማሉ። ሚሊሜትር የትኛውን ልብስ አስቀድማ እንደምትከት፣ የት እንደምታድር በሐሳቧ ስታሰላ ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቅ ትልና እንደገና ሙዚየሙ ትዝ ይላታል፣ ትተወዋለች። ሦስተኛው መብራት ላይ አሳታሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ» አለ በመስታወቱ ሳያያት፣ «አግድሙን እኔ ሳላየው የትም አይላክም።»

ሚሊሜትር የሰማችው «ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ» የሚለውን ብቻ ነው። «እሺ» አለች።

እህቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። «እኔማ አይቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?» አለ ባሏ።

«አግድሙን። ከምሳ በኋላ ወገቤን ላሳርፍ ጋደም ብዬ መጽሔትህን በታብሌት ስከፍት ገጹም አብሮኝ ተጋደመ።»

እግሩ ፍሬኑ ላይ ቀረ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ መንፋት ጀምረዋል፣ እሱ ግን አንገቱን አዙሮ ሚስቱን እንደ አዲስ ሰው ያያታል። «ከምሳ በኋላ አይተሽ፣ አዳራሽ ድረስ አብረሽኝ መጥተሽ፣ እንዴት ዝም ትያለሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አለች እህቷ፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ እያስተካከለች። «የነደፍኩት እኔው ራሴ ነኝ ብለህ አጻፍከኝ። ታዲያ ገጹን ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል ብዬ ነዋ።»